ሳይጠይቅ የሚያሽ ባለሙያ አይመቸኝም

ማሳጅ የሚወድ ሰው ሁሉ የሚምልበት አንድ ባለሙያ አለው። «እጁ ብረት ነው» ይላችኋል። «ስትወጣ ሌላ ሰው ነው የምትሆነው» ይላችኋል። ሄዳችሁ ስትሞክሩት ወይ በማግስቱ አንገታችሁን ማዞር ያቅታችኋል፣ ወይ እዚያው ጥሩ እንቅልፍ ተኝታችሁ የትከሻችሁን ህመም እንዳለ ይዛችሁት ትመለሳላችሁ። ባለሙያው ሥራውን ስለማያውቅ ላይሆን ይችላል። ለጓደኛችሁ የተመቸው ለእናንተ አልተመቸም፣ አለቀ።

እኔ የማሳጅ አዘውታሪ ነኝ። ሥራዬ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር ላይ ማፍጠጥ ስለሆነ ማጅራቴና ትከሻዬ ሁሌም እንደተወጠሩ ናቸው። ብዙ ዓይነት እጅ አይቻለሁ፤ ለስላሳውንም፣ ጨካኙንም፣ ግማሽ ልቡ ስልኩ ላይ የሆነውንም። ስለዚህ ይሄ የአንድ ቤት ግምገማ አይደለም፣ የአገልግሎቱ ግምገማ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ጥሩ ባለሙያ የሚለየው በእጁ ጉልበት አይደለም። ከመንካቱ በፊት በሚጠይቀው ጥያቄና እያሸ በሚሰማው መልስ ነው። ሻማው፣ የወራጅ ውሃው ድምፅ፣ መዓዛው የሚያውድ ፎጣ፣ እነዚህ ሁሉ ምርቃት ናቸው። ደስ ይላሉ፣ ግን ወገብ አያቃኑም።

ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ለራሳችሁ አንድ ነገር መልሱ። ለምንድን ነው የምትታሹት? ደክሟችሁ ዝም ብላችሁ ማረፍ ከፈለጋችሁ አንድ ዓይነት ሰው ያስፈልጋችኋል። አልለቅ ያለ የትከሻ ህመም ካለባችሁ ሌላ። ሯጭ ከሆናችሁ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ በቅርቡ ቀዶ ጥገና ከተደረገላችሁ ደግሞ ሌላ። ብዙ ሰው ግን ይሄን ሳይለይ «ማሳጅ ፈልጌ ነበር» ብሎ ይደውላል፤ በዚያ ሰዓት ሥራ የሌለው ባለሙያ ይደርሰዋል፤ ከዚያ «ማሳጅ እኮ አይረባም» እያለ ያወራል።

ስለ ዓይነቶቹ የታዘብኩትን ልበል። በየቦታው በብዛት የምታገኙት የስዊድን ማሳጅ የሚባለውን ነው። ዘይት ይቀባል፣ ረጅም ረጅም መዳበስ አለው፣ ጡንቻውን እንደ ሊጥ ማሸት አለው፣ መታ መታ ማድረግ አለው። ስሙ ብዙ ጊዜ ከስዊድናዊው የጂምናስቲክ መምህር ከፔር ሄንሪክ ሊንግ (1776–1839 እ.ኤ.አ.) ጋር ይነሳል፤ አስተሻሸቶቹን በየዓይነታቸው ለይቶ በማስቀመጥ የሚጠቀሰው ግን ሆላንዳዊው ሐኪም ዮሃን ጌዮርግ ሜዝገር ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ሰውነታችሁ መነካትን ይለምዳል፣ እናንተም ምን ያህል ጫና እንደሚመቻችሁ ታውቃላችሁ። ለማረፍ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከዚህ ሌላ መፈለግም አያስፈልግም።

ዲፕ ቲሹ፣ ማለትም ወደ ውስጠኛው ጡንቻ ጠልቆ የሚጫነው ማሳጅ ላይ ግን ጠብ አለኝ። ጠቤ ከዘዴው ጋር ሳይሆን ከሚወራለት ጋር ነው። «ካላመመ አይሠራም» የሚባል ነገር አለ። ማን እንዳመጣው እንጃ፣ ግን ባለሙያውም ደንበኛውም አምነውበታል። ጡንቻ ሲያመው ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል። ስለዚህ ባለሙያው በክርኑ ከላይ በገፋ ቁጥር እናንተም ሳታውቁት ከታች ትገፋላችሁ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ሁለታችሁም ላብ በላብ ሆናችሁ ትለያያላችሁ። ጥሩ ዲፕ ቲሹ ቀርፋፋ ነው። እጁ ያርፋል፣ ጡንቻው እስኪለቅ ይጠብቃል፣ ከዚያ ትንሽ ይገባል። እኔ ህመሙን ከ10 ነጥብ እሰጠዋለሁ፣ ከ7 ካለፈ «ቀንሱልኝ» እላለሁ። ትንፋሻችሁን ከያዛችሁ፣ የእግራችሁ ጣቶች ከተጨበጡ፣ ጥርሳችሁን ከነከሳችሁ፣ ጫናው በዝቷል ማለት ነው። ጎበዝ ባለሙያ ሳትነግሩትም ያየዋል። ካላየ ንገሩት። የሚከፈልበት ሰዓት ላይ ጀግና መሆን ምን ያደርጋል?

ልብስ ማውለቅ የማይመቸው ሰው ታይ ማሳጅን ወይም ሺያትሱን ይሞክር። ሁለቱም ልብስ ተለብሶ፣ ያለ ዘይት ነው በልማዳቸው የሚሠሩት። የታይላንዱ ምንጣፍ ላይ ሆኖ መጫንና መለጠጥ ነው፤ ባለሙያው እጁን ብቻ ሳይሆን ክርኑንም፣ ጉልበቱንም፣ እግሩንም ይጠቀማል። ዩኔስኮ በ2019 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ሲጨርሱ ሰውነቴ የረዘመ ይመስለኛል። ግን አጥንቱ የሳሳ፣ የዲስክ መንሸራተት ያለበት ወይም መገጣጠሚያው በቀላሉ የሚወልቅ ሰው አስቀድሞ ይናገር፣ ሐኪሙንም ይጠይቅ፤ ያ ሁሉ ማጣጠፍ ለሁሉም አይሆንም። ሺያትሱ የጃፓን ነው፣ በአውራ ጣትና በመዳፍ መጫን። ረጋ ያለ ነው፣ እኔ እወደዋለሁ፣ ማጅራቴን ግን ብዙም አላላላውም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ዓይነት ደግሞ አለ፣ የሊምፍ ማሳጅ፤ ሊምፍ የሚባለው የሰውነት ፈሳሽ ተጠራቅሞ እንዳያሳብጥ የሚረዳው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ዴንማርካውያኑ ባልና ሚስት ኤሚል እና ኤስትሪድ ቮደር ያዳበሩት ነው። ቆዳን በስሱ ከመሳብ አያልፍም። ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ክንድ ሲያብጥ ከሚሰጡ ሕክምናዎች ውስጥ አንዱ ነው፣ ለብቻው የሠለጠነ ሰውም ይፈልጋል። ታዲያ አስተያየት የሚጽፉ ሰዎች ይገርሙኛል፦ «አልተጫነኝም፣ ዝም ብላ ስትዳብሰኝ ነበር» ብለው አንድ ኮከብ ይሰጣሉ። መጫን የለበትም እኮ! ጫና የፈለገ ሰው የተሳሳተ ክፍል ገብቷል እንጂ ባለሙያዋ አላጠፋችም።

ስፖርተኞችን ከሚያሽ ሰው «ላክቲክ አሲዱን እናስወጣለን» የሚል ነገር ከሰማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት። ከሩጫ በኋላ በደም ውስጥ የሚገኘው ላክቴት (ላክቲክ አሲድ የሚሉት እሱን ነው) ማንም ሳይነካችሁ በግምት በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ የሚያስጠላው ህመም ከእሱ አይደለም፣ ያልለመደ ሥራ የሠራ ጡንቻ ላይ ከሚደርስ ጥቃቅን ጉዳት ነው። ማሳጅ ያን ህመም በመጠኑ ይቀንሳል፣ ለዚያ ከሆነ ጥሩ ነው። «መርዝ እያወጣን ነው» የሚለውም ያው ነው። መርዝ የሚያስወግዱት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፣ ጀርባ ላይ የሚሄድ አውራ ጣት አይደለም። ይሄን የሚል ሁሉ እጁ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ስለ ሰውነቴ የሚነግረኝን ሌላውንም ነገር በጥርጣሬ እንድሰማ ያደርገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የማዘወትራት ሴትዮ ከሌሎቹ የተለየችው ገና ሳትነካኝ ነው። አልጋው ላይ ልተኛ ስል ወንበር አሳየችኝ። «የት ነው የሚያምዎት?»

«ማጅራቴን።»

«በጣትዎ ያሳዩኝ።»

አሳየኋት። ጠዋት ይብሳል ወይስ ማታ? እጅዎ ላይ ወርዶ ይደነዝዛል? የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ቀዶ ጥገና ያውቃሉ? ለዘይት፣ ለሽታ አለርጂ አለብዎት? ሁሉንም ጻፈች። ከዚያ አስቆመችኝና «ቀስ ብለው አንገትዎን ወደ ቀኝ ያዙሩ» አለች። አዞርኩ፣ አገጬ ትከሻዬ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ወደ ግራ ግን ደረሰ። ከኋላዬ ዞራ ትከሻዎቼን አየች፤ ሁለቱም ወደ ፊት ተሰብስበዋል። «ማጅራትዎን ብቻ ብነካው ነገ ይመለሳል» አለችና ደረቴ ከክንዴ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አውራ ጣቷን አሳረፈች። አልገፋችም፣ አሳረፈች ብቻ። እዚያ ህመም እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር፤ ሳልወድ በግድ ነው «ውይ» ያልኩት። ሰዓቱን ግማሹን ፊት ለፊቴን ስትሠራ ዋለች። ጫናውን ስትጨምር «ይሄስ?» ትላለች፣ ዝም ካልኩ ቀንሳ ትጠብቃለች። ሲያልቅ እንደገና አስቆመችኝ። «እስቲ አሁን ያዙሩት።» አገጬ ደረሰ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ግን ደረሰ።

እኔን የገዛኝ ያ መጨረሻ ላይ ያለው «እስቲ ያዙሩት» ነው። ደስ ብሎኝ እንደሆነ አይደለም የጠየቀችኝ። የለወጠችው ነገር እንዳለ አየች። ለህመም ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ መለኪያችሁ ይሄ ይሁን፦ በፊት የማታደርጉትን አሁን ታደርጋላችሁ ወይ? ክንድ ይነሳል? ጎንበስ ማለት ቀለለ? ስትወጡ የሚሰማችሁ ሙቀትና መፍታታት ሁሉም ጋ አለ፣ እሱ ብቻውን ባለሙያ አያስመርጥም።

በተቃራኒው ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቤት አለ። ክፍሉ የሚያምር፣ አቀባበሉ ንጉሣዊ። ያሸኝ ልጅ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ከእኔ በፊት ለገባው ያደረገውን፣ ከእኔ በኋላ ለሚገባው የሚያደርገውን፣ ያንኑ በተራ አደረገልኝ። ማጅራቴ ላይ ሲደርስ ስልኩ ጠራ፣ በአንድ እጁ እያሸ አነሳው። ከዚያ ፊቴ ትራሱ ቀዳዳ ውስጥ እንዳለ፣ ሳይነግረኝ አንገቴን ይዞ ሊያጮኸው ሞከረ። በዚህ ጊዜ ተነሳሁ።

ይሄን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። አንገትን በድንገት ጠምዝዞ ማጮህ የማሳጅ ሥራ አይደለም። የአንገት ደም ሥር ተጎድቶ ስትሮክ ያመጣበት አጋጣሚ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል፤ ብርቅ ነው፣ ግን አለ። ለዚያ የሠለጠኑ ሌሎች ባለሙያዎች አሉ፣ እነሱም ቢሆኑ ጠይቀውና መርምረው ነው የሚነኩት።

ሳይጠይቅ የሚያሽ ሰው አይመቸኝም ስል ለምቾት ብዬ ብቻ አይደለም። መታሸት የሌለበት ሰው አለ። አንድ ባታችሁ ብቻ አብጦ፣ ሞቆ የሚያም ከሆነ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ቦታው ሐኪም ቤት ነው፤ ማሸት የረጋውን ደም ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በከባድ ጫና ይበልዛል፣ ከዚያም የባሰ ሊደርስበት ይችላል። ትኩሳት ያለበት፣ ቆዳው ላይ የሚተላለፍ ነገር ወይም ያልዳነ ቁስል ያለበት ይቆይ። የስኳር ህመም እግሩን ያደነዘዘበት ሰው ጫናው መብዛቱን ላያውቅ ይችላል፣ ስለዚህ ባለሙያው ማወቅ አለበት። ነፍሰ ጡር ሴት በጎኗ ተኝታ፣ በትራስ ተደግፋ ትታሻለች፤ በእርግዝና ጊዜ ደም የመርጋት ዕድሉ ስለሚጨምር እግሯን በኃይል መጫን አይገባም። የወገብ ህመም ሆኖ በሁለቱ እግሮቻችሁ መካከል ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ ደግሞ ቀጠሮ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚያስፈልጋችሁ። ይሄን ሁሉ እናንተ ማስታወስ የለባችሁም። የሚጠይቅ ሰው ከመረጣችሁ ራሱ ያነሳዋል።

ወረቀቱስ? እንደ አገሩ ይለያያል። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 1000 ሰዓት መማር ይጠይቃል፤ ብሪታኒያ ውስጥ ግን ሙያው በሕግ ቁጥጥር ሥር ስላልሆነ ማንም ሰው ራሱን የማሳጅ ባለሙያ ብሎ ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ሰርተፍኬት ይልቅ «የት ተማርክ? ስንት ጊዜ ፈጀብህ? በብዛት ምን ዓይነት ሰው ነው የምታየው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በቁጣ የሚመልስ ሰው መልሱን ሰጥቷችኋል። የቅዳሜና እሑድ ኮርስ ወስዶ የዲስክ ህመም አድናለሁ የሚለውንም ተጠንቀቁ። ማሳጅ የሚያሽ ሰው ፊዚዮቴራፒስት አይደለም፣ ጥሩዎቹም ይሄን ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ስለ ገላ ነገር በግልጽ እናውራ፣ ብዙ ሰው አፍሮ የማይጠይቀው እሱን ነው። ልብስ እስከሚመቻችሁ ድረስ ብቻ ነው የሚወልቀው። ባለሙያው ወጥቶ ነው የምታወልቁት። በአንሶላ ትሸፈናላችሁ፣ የሚሠራው ቦታ ብቻ ይገለጣል፣ ሲጨርስ ይሸፈናል። ሴት ወይም ወንድ ባለሙያ እመርጣለሁ ማለት ነውር የለውም፣ ምክንያት መስጠትም አይጠበቅባችሁም። ሆድ፣ መቀመጫ፣ የታፋ ውስጥ የመሰለ ቦታ ከመነካቱ በፊት ፈቃድ መጠየቅ አለበት። በየትኛውም ደቂቃ «ይብቃ» ማለት ትችላላችሁ። እጅ ወይም ወሬ ወደማይሆን ቦታ ከሄደ ይሉኝታ አይያዛችሁ፦ ተነሱ፣ ልበሱ፣ ውጡ፣ ለሚመለከተው አካልም ንገሩ። ይሄ ለደንበኛውም ይሠራል። ባለሙያዋ ላይ የማይሆን ቀልድ የሚቀልድ ሰው ተነስቶ ውጣ ቢባል ምንም አይገርመኝም።

ጽዳት ላይ ብዙ አልልም። ጥፍር አጭር፣ እጅ የታጠበ፣ አንሶላ የተቀየረ። የፊት ትራሱ ላይ የሰው ሜካፕ ካያችሁ ጫማችሁን አታውልቁ። ዘይቱን ግን ጠይቁ፤ የአልሞንድ ዘይት በብዙ ቦታ ይሠራበታል፣ ለአልሞንድና ለመሰል ፍሬዎች አለርጂ ያለበት ሰው ሳይጠይቅ መተኛት የለበትም።

ወሬስ? እኔ ዝምታ ነው የምፈልገው። አንዳንዱ ባለሙያ ግን ከአንገት እስከ እግር የቤተሰቡን ታሪክ ይተርካል። ሲጀመር «ዛሬ ዝም ብዬ ልረፍ» ብላችሁ በሉ፣ ማንም አይቀየምም። የጨዋታ ወዳጅ ከሆናችሁ ደግሞ ጨዋታ የሚችል አለ። ይሄ ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ሰው ባለሙያ የሚቀይርበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጥቅል አትግዙ። «አሥር ጊዜ ካልመጡ አይድንም» የሚል ሰው ስለ ሰውነታችሁ ሳይሆን ስለ ገቢው ነው የሚያወራው። በማግስቱ እንደ ስፖርት ዓይነት ህመም ቢኖር ችግር የለውም፣ በአንድ ሁለት ቀን ይሄዳል። መደንዘዝ፣ መዛል፣ እየባሰ የሚሄድ ህመም ከመጣ ግን ሐኪም ይያችሁ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ገና ለጀመረ የወገብ ህመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚችሉት መካከል ማሳጅን ጠቅሶታል። ስለዚህ ከንቱ ነገር አይደለም። ጥቅሙ ግን ብዙውን ጊዜ የአጭር ጊዜ ነው፣ መንቀሳቀስን አይተካም። የኔዋ ባለሙያ ትከሻዬን ወደ ኋላ የምስብበት ቀላል እንቅስቃሴ ሰጥታኝ «ይሄን በየቀኑ ከሠሩ ቶሎ ቶሎ መምጣት አያስፈልግዎትም» ብላኛለች። ገቢዋን የሚቀንስ ምክር የሰጠችኝ ሴት ናት፣ እንዴት አላምናት?

የሚስማማችሁን ካላገኛችሁ መቀየር ነው። ባለሙያው አይከፋውም፣ ቢከፋውም ይለምደዋል። ግን ከመቀየራችሁ በፊት አንዴ በቀጥታ ንገሩት፦ «ጫናው በዝቶብኛል»፣ «ጀርባዬን ትታችሁ ትከሻዬ ላይ ቆዩልኝ»። አንዳንዱ ወዲያው ያስተካክላል፣ ከዚያ በኋላ የእናንተ ሰው ይሆናል። አንዳንዱ «እኔ የምሠራው እንዲህ ነው» ይላል። ለሁለተኛው ሁለተኛ ቀጠሮ አትያዙ።

ስትደውሉም «ክፍት ሰዓት አላችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ትከሻዬን ያመኛል፣ ስዞር ይይዘኛል፣ እንዲህ ዓይነት ነገር በብዛት የሚያየው ማን ነው?» በሉ። ስልኩን ያነሳው ሰው ትንሽ አስቦ ስም ከጠራ፣ ወይም መልሶ ጥያቄ ከጠየቃችሁ፣ ቀጠሮውን ያዙ። «ኧረ ሁሉም ይችላሉ» ካለ ሌላ ቦታ ደውሉ።